ነፊሳ ያስተማረችኝ ፈረንሳይኛ

ማዳም ነፊሳ የበደለችኝ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999፣ በመስከረም ወር ነው። ጅቡቲ ላይ መስከረም ክፉ ወር ነው፤ ሙቀቱ ሊሰበር ጥቂት ሳምንት ይቀረዋል፣ ሰው ግን ትዕግሥቱን አስቀድሞ ጨርሷል። ስሟን የምጠራው ሳላፍር ነው። ያኔ «እርስዎ» እያልኩ ነበር የማናግራት፤ አሁን ስጽፍ ግን «እሷ» እላታለሁ። ይህችን ታህል መብት አለኝ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ሳምንት የቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ከወደብ ሥራ ሲወጡ አመሻሽ ላይ ፈረንሳይኛ የማስተምራቸው ስድስት ኢትዮጵያውያን የትራንዚት ሠራተኞች አሉ። ከመካከላቸው ትዕግሥት የምትባለዋ «እትዬ ሐሊማ፣ እርስዎን ራስዎን ከሀ እስከ ፐ ማን አስተማረዎት?» አለችኝ። መጽሐፋችሁን ግለጡ አልኳቸው። ሰው ሲጠይቀኝ፣ ከመመለሴ በፊት ለምን እንደሚጠይቀኝ አስባለሁ፤ ይህ ጠባይ አብሮኝ አልተወለደም። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄው አላስቀመጠኝም።

ከድሬዳዋ የመጣሁት በ1998 መጨረሻ፣ በባቡር ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ እቤት ተቀምጬ እናቴን እያየሁ፣ እናቴም እኔን እያየች ስድስት ዓመት አልፏል። በዚያ ዓመት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአገራችን ዕቃ ሁሉ በጅቡቲ ይገባ ስለጀመረ፣ እዚያ ሥራ ሞልቷል ይባል ነበር። ባቡሩ ውስጥ ከላይ እስከ ታች በጆንያ ላይ የተቀመጡ ነጋዴ ሴቶች ነበሩ። ቴምር አካፈሉኝ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፣ ወዴት እንደምሄድ ስነግራቸው አንደኛዋ «ነፊሳ ጋ? እሷ እንኳ ሰው አታስርብም» አለች። ይህን ለምስጋና ነው የወሰድኩት። ሴትየዋ ሌላ ምንም እንዳልጨመረች ያስተዋልኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ነፊሳ የእናቴ የሩቅ ዘመድ ናት። ቤተሰቦቿ ሐረሪዎች ናቸው፤ እሷ ግን ጅቡቲ ተወልዳ፣ በፈረንሳዮች ትምህርት ቤት ተምራ ያደገች ናት። ማዕከላዊ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ነበራት። ባሏ ዕቃ ለማምጣት ዱባይ ይመላለሳል። ጠዋት ጠዋት የፈረንሳይ ወታደሮች ሚስቶች የመጋረጃና የጠረጴዛ ልብስ ጨርቅ ሊገዙ ይመጣሉ። የነፊሳ ጉልበት ስለሚያማት ተነሥታ ጥቅል ማውረድ አትወድም፤ ፊት ለፊት ቆማ «ቦንዡር ማዳም» የምትል፣ ከዚያም በኋላ የሚባለውን የምታውቅ ልጅ ትፈልግ ነበር። ስለዚህ እኔን ማስተማር ጀመረች። ለዚህ አላመሰገንኳትም፤ ወደፊትም አላመሰግናትም። ጥሩ አስተማሪ እንደነበረች ግን አልክድም።

የምንማረው ከተማው ሲተኛ ነው። እዚህ አገር ሰባት ሰዓት አካባቢ ጫት ይገባል። መኪኖቹ ጥሩምባ እየነፉ ይመጣሉ፣ ሻጮቹ እርጥብ ጆንያ ሸፍነው ጠረጴዛቸው ኋላ ይሰየማሉ፣ መንገዱ ለግማሽ ሰዓት ያብዳል። ከዚያ ድንገት ጸጥ። ወንዱ ሊቅም፣ ሌላው ሊተኛ ይገባል፤ እስከ አሥር ሰዓት የሚከፈት በር የለም። እኔና ነፊሳ ሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ማራገቢያው ሥር እንቀመጣለን። ከየመኖቹ ቤት ለሁለት ተሰንጥቆ የተጠበሰ ዓሣ ከሰፊ ቂጣ ጋር ይመጣል፤ በልተን እጃችንን በሎሚ ታጥበን ደብተር እናወጣለን።

መማሪያችን አንድ አሮጌ የደብዳቤ አጻጻፍ መጽሐፍ ነበር። ለሁሉም ጉዳይ ደብዳቤ አለው፤ ለልደት፣ ለሐዘን፣ ለቤት ኪራይ፣ ለይቅርታ። ሥራዬ ደብዳቤውን በንጹሕ ወረቀት መገልበጥ፣ የጸሐፊውን ስም በራሴ ስም መተካት፣ ታች መፈረም ነው። እሷ በቀይ ቀለም አርማ በቃሌ አስጠንታኝ ወረቀቱን መሳቢያዋ ውስጥ ታስቀምጣለች። ምን እንደሚል አብዛኛውን ጊዜ አላውቅም። ይህ የሚያስቅ የሚመስለው ካለ፣ እኛ እንዴት እንደተማርን ያላየ ነው። ድሬዳዋ አስተማሪያችን ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይሞላል። ምን ማለት ነው ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ እንደ ደፋር ይታያል፤ ደብተሯ የሚያምር ልጅ ግን ጎበዝ ናት። የእኔ ደብተር ያምር ነበር። በስድስት ወር ውስጥ የማላውቃቸውን ሰዎች ወንድ ልጅ ወለዳችሁ ብዬ እንኳን ደስ አላችሁ ብያለሁ፣ አንድ ሚስቱ የሞተችበትን የሕግ ሰው አጽናንቻለሁ፣ ዝናብ በማይዘንብበት ከተማ ተቀምጬ ጣሪያዬ ያፈሳል ብዬ አከራዬን ከስሻለሁ።

አዳሬ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ነበር፤ ከሰናይት ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን። ሰናይት የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ ሾፌሮቻችን በሚመገቡበት ምግብ ቤት ትሠራለች። ከአዲስ አበባ ጭነት ይዞ የሚመጣ ሾፌር እንኳ በምላስ አይችላትም ነበር። ደብዳቤዎቼን ሳጠና እየሰማች «አቦ አንቺ ደግሞ» ትለኛለች፤ «ሞታ ያላየሻትን ሴትዮ ባል ታጽናኛለሽ፣ ባጌት ዳቦ ግዢ ሲሉሽ ግን አፍሽ ይያዛል።» እውነቷን ነበር። እሷ ደብተር ሳትይዝ ከባለሱቁ ጋር ተጨቃጭቃ ዋጋ ታስቀንስ ነበር።

የቋንቋ ማዕከሉን ወሬ ያመጣችው እሷ ናት። ከምኒልክ አደባባይ ብዙም የማይርቅ ማዕከል፣ ቢሮ መሥራት ለሚፈልጉ ሴቶች የአንድ ዓመት ትምህርት ይሰጣል፤ ጠዋት ጠዋት፣ በየቀኑ፣ መግቢያ ፈተናውን ላለፈ ደግሞ በነጻ። ከዚያ የወጣች ልጅ የመርከብ ወኪል ቢሮ ወንበር ላይ ትቀመጣለች ተባለ። እንደዚያ ያለ ወንበር ማሰብ ብቻውን ሌሊቱን ያቀዘቅዝልኝ ነበር። ሱቁን ጥዬ መሄድ ስለማልችል ማመልከቻዬን ሰናይት ከራሷ ጋር ይዛ አስገባችልኝ። በሰኔ ፈተናው ሲደርስ ነፊሳን አስፈቀድኳት። «ሂጂ፣ ማን ይከለክልሻል?» አለችኝና የራሷን ብዕር አውጥታ ሰጠችኝ።

ውጤቱ በደብዳቤ ይመጣል ተብለን ነበር። ጅቡቲ ውስጥ ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፤ ፖስታ ቤት ያለ ሣጥን ውስጥ ነው የሚገባው። ሰናይት የምግብ ቤቱን ሣጥን ቁጥር ሰጠች፣ እኔ የሱቁን። የሱቁ ሣጥን ቁልፍ ነፊሳ ወገቧ ላይ ከምታስረው የቁልፍ ጥቅል ውስጥ ነበር።

ሰኔ አለፈ፣ ያ ከበረሃ የሚመጣው አሸዋማ ነፋስ ሐምሌንና ነሐሴን ይዞ ነፈሰ፣ የቻለ ሁሉ ወደ ደጋ ሸሸ። በመስከረም መጀመሪያ ሳምንት ነፊሳ መጽሐፉን ስትገልጥ ሠላሳ ያህል ገጽ ዘለለች። አስተዋልኩ።

«ገጽ ዘለልን» አልኳት።

«የተዘለለው የውርስ ደብዳቤ ነው። ማን ሞቶ ምን ሊያወርስሽ ነው?» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። አዲሱን ገጽ ገለበጥኩ። ከላይ የሚላክለት ሰው ስምና ቀኑ የሚጻፍበትን «ተዪው፣ ወረቀት አናበላሽ» ስላለችኝ ባዶ ተውኩት። ከታች እንደ ወትሮዬ ፈረምኩ፤ በዚያ ቀን ደግሞ ፊርማዬ ከምንጊዜውም በላይ አምሮልኝ ነበር። እሷም አሞግሳኝ ወረቀቱን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው።

በሁለተኛው ሳምንት ለሰናይት ማለፏን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣላት። ለእኔ አልመጣም። ነፊሳን በየሁለት ቀኑ እጠይቃታለሁ፤ «ምንም የለም» ትለኛለች። አንድ ቀን «እስቲ እንደገና ሄደው ይዩልኝ» የሚል ፊት ሳሳያት፣ እዚያው ተነሥታ በሚያማት ጉልበቷ ፖስታ ቤት ድረስ ሄዳ በላብ ተጠምቃ ተመለሰች። በራሴ አፈርኩ። ይህን ያህል ለሚደክምልኝ ሰው እንዴት ነው እንደዚያ የማያት ብዬ።

ስለዚህ ጥርጣሬዬ የሚያርፍበት ሌላ ቦታ ፈለገ፤ አገኘም። ማመልከቻዬን ያስገባችው ማን ናት? ሰናይት። ያለፈችው ማን ናት? ሰናይት። ፈተና ቀን ከማዕከሉ ጸሐፊ ጋር ስትሳሳቅ አይቻታለሁ፤ ሰናይት ከግድግዳም ጋር የምትሳሳቅ ልጅ መሆኗን ረሳሁት። ሥራ ስትሄድ ሻንጣዋን መፈተሽ ጀመርኩ። ልብሷን አንድ በአንድ አውጥቼ እንደነበረ እመልሳለሁ። ምንም አላገኘሁም፤ ምንም አለመገኘቱም ራሱ ጠንቃቃ ሌባ መሆኗን ነገረኝ። የሚጠራጠር ሰው ባዶ እጁን አይመለስም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ምግብ ቤቱ ሄድኩ። ሾፌሮቹ ከውጭ መኪናቸውን ደርድረው ገብተዋል፤ ቤቱ በበርበሬና በናፍጣ ሽታ ታፍኗል። ሰናይት ሁለት ትሪ ይዛ ስትመጣ መንገድ ላይ ቆምኩባት። ማመልከቻዬን የት እንዳደረሰችው ጠየቅኳት።

ትሪዎቹን ለባለቤቶቻቸው አስቀምጣ ተመለሰች። «በእጄ ነው ያስገባሁት። ያንቺን ቦታ ብፈልግ ደግሞ ዓይንሽ እያየ ነው የምወስድብሽ፤ መደበቅ ምን ያደርግልኛል?»

«ታዲያ ደብዳቤዬ የት ሄደ?»

«እኔን ከምትጠይቂ ቁልፉን የያዘችውን አትጠይቂያትም?»

ቆሻሻዋን በአንዲት ጉልበቷን የሚያማት ዘመዴ ላይ ልታራግፍ እንደፈለገች ወሰድኩት። ሌባ አልኳት፤ ሾፌሮቹ ማላመጥ አቆሙ። አንድ ጎልማሳ ሾፌር ሊያበርድልን ፈልጎ «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ፈረንሳይኛ ሳትማሩ እንዲህ የሆናችሁ፣ ብትማሩ ልትገዳደሉ ነው» አለ። ማንም አልሳቀለትም። ሰናይት እጇን በሽርጧ ጠርጋ «ሻንጣዬን ስትፈትሺ አጣጥፈሽ ስለምትመልሺው አመሰግናለሁ» አለችኝ። ታውቅ ነበር። በዚያው ሳምንት ዕቃዬን ይዤ ሱቁ ጀርባ ገባሁ።

ነፊሳ ያን ጊዜ እንደ እናት ሆነችኝ። «ማዕከል ምን ያደርግልሻል፣ እኔ አለሁልሽ» ብላ ትምህርቱን አጠበቀችው። መገልበጥ ቀረ። ጋዜጣ አመጣች፣ ሬዲዮ ከፍታ የሰማሁትን አስደገመችኝ፣ ፈረንሳዊ ደንበኛ ሲመጣ ሆነ ብላ ወደ ጓዳ ገብታ እኔን ብቻዬን ተወችኝ። ቋንቋ እንዴት እንደሚገባ ለማያውቅ ሰው ልንገረው። መጀመሪያ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ጠጠር ነው፤ ድምፅ ብቻ። ከዚያ ጥቂት ጠጠሮች መልክ ያወጣሉ፤ ቀለም፣ ሜትር፣ ውድ ነው። ከዚያ ረጅም፣ አሰልቺ ወራት ይመጣሉ፤ ሁሉን የምትረጂ እየመሰለሽ መመለስ የማትችዪበት። በመጨረሻ አንድ ቀን ሰዎች የሚያወሩትን እየሰማሽ መሆኑን ሳታውቂ ትሰሚያለሽ።

የእኔ ቀን የመጣችው በ2001፣ ቀዝቀዝ ባለው የየካቲት ወር ነው። ሁለት ፈረንሳውያት ሰማያዊ ጨርቅ ያገላብጣሉ። አንደኛዋ ለሌላዋ ዝግ ባለ ድምፅ ትነግራታለች፤ እኔን በዓይኗ እያመለከተች። ይህች ልጅ መሆን አለባት፣ አለች፤ ማዕከሉ በማስተምርበት ጊዜ ፈተናውን አልፋ ሳለች ቦታውን አልፈልግም ብላ የጻፈችልን። በዚያ ሁሉ ዓመት እንቢ ያለን ሰው እሷ ብቻ ናት። የሱቁን ስም አስታውሰዋለሁ፣ ደግሞ ደብዳቤዋ፤ አያቴ የምትጽፈው ዓይነት ደብዳቤ ነበር።

ሦስት ሜትር ለክቼ ቆረጥኩላቸው። አምስት ሜትር ነበር የፈለጉት።

በማግስቱ ጠዋት ነፊሳን ሳላስፈቅድ ማዕከሉ ሄድኩ። ጸሐፊው አንድ አዛውንት አፋር ነበሩ፤ ስሜን ነግሬያቸው የ1999ን ፋይል እንዲያዩልኝ በፈረንሳይኛ ለመንኳቸው። ብዙ አቧራ አራግፈው አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ፤ «ያንቺ ጽሕፈት አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

የእኔ ነበር። ያ አምሮልኝ የነበረው ፊርማ ታች ተቀምጧል። ከላይ፣ ባዶ በተውኩት ቦታ፣ የማዕከሉ ስምና ቀኑ በነፊሳ ወደ ግራ በሚያዘነብለው ጽሕፈት ተሞልቷል። ስገለብጠው አንዲት ቃል ያልገባኝን ደብዳቤ አሁን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ አንድም ቃል አላስቸገረኝም። ለተሰጠኝ ክብር ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እገልጻለሁ፤ ከቤተሰብ ጉዳይ የተነሣ የተሰጠኝን ቦታ ልቀበል አለመቻሌን ስገልጽ በታላቅ ሐዘን ነው፤ ቦታው ለሌላ የተገባ ሰው እንዲሰጥ እለምናለሁ። ሽማግሌው ውሃ አመጡልኝ። አልጠጣሁትም።

ሰባት ሰዓት ሆኖ ጥሩምባው ካለፈ በኋላ፣ ዓሣው መጥቶ ነፊሳ ስትቀመጥ፣ ደብዳቤውን በቃሌ አልኩላት። እንደ ድሮው፣ እንዳጠናሁት፣ ከመጀመሪያው እስከ ፊርማው። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«እርስዎ ነዎት ያስገቡት?» አልኳት።

ቂጣውን ቆረሰች። «እናትሽ እኔ ጋ የላከችሽ ለሱቅ ነው፣ ለማዕከል አይደለም። ጠዋት ጠዋት አንቺ እዚያ ስትውዪ እኔ በዚህ ጉልበት መሰላል ልወጣ ኖሯል?»

«ሰናይትን ሌባ ብያታለሁ።»

«እኔ በያት አላልኩሽም» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ኀፍረት ፈልጌ አጣሁ። «ያኔ የማለፊያ ደብዳቤሽን ብሰጥሽ ማንበብ ትችዪ ነበር? ዛሬ ግን የፈረምሽውን ራስሽ አነበብሽ። ማን አስቻለሽ ሐሊማ?»

እስከ ዛሬም የሚያናድደኝ ይህ ጥያቄዋ ነው፤ ከበደሉ ይልቅ። የሰረቀችኝን ያየሁት እሷ በሰጠችኝ ዓይን ነው። «ብዪ፣ ዓሣው ይቀዘቅዛል» አለችኝ።

ሰናይት ያኔ ከተማው ውስጥ አልነበረችም። ትምህርቷን ጨርሳ፣ አንድ የመርከብ ወኪል ጋ ጥቂት ወራት ሠርታ ድሬዳዋ ተመልሳ ነበር። ደብዳቤ ልጽፍላት እችል ነበር። በሁለት ቋንቋ፣ ለሁሉም ጉዳይ የሚሆን ደብዳቤ የሚወጣው እጅ ነበረኝ። ጀመርኩት፤ ከሰላምታው አላለፈም። የማላውቃትን ሴትዮ ባል ማጽናናት ይቀላል።

ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ስለዚያ ጊዜ ሳስብ፣ በጥርጣሬ የተሳሳትኩ አይመስለኝም። የተበደልኩ መሆኔን በትክክል ነው ያሸተትኩት። የሳትኩት አቅጣጫውን ነው፤ አብልቶ ያስተማረኝን እጅ ትቼ የቀለደብኝን አፍ ያዝኩ። ሰው የሚጠረጥረው የሚቀለውን ነው። ከነፊሳ ጋር ብጣላ መኝታም ምሳም ትምህርትም አጣለሁ፤ ከሰናይት ጋር ስጣላ ያጣሁት ሰናይትን ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር።

ሱቁን በዚያው ሳምንት ለቀቅኩ። አንድ የትራንዚት ቢሮ ተቀጠርኩ፤ ፈተናዬ የጉምሩክ ወረቀት ጮክ ብሎ ማንበብ ነበር። በአመሻሽ ትምህርት ማዕከሉ ገብቼ የመጨረሻውን ደረጃ በ2003 አለፍኩ። አንብቤ ያልጨረስኩት ወረቀት ላይ አልፈርምም። ነፊሳ በ2014 ሞተች፤ ልጇ ደውላ ነገረችኝ፣ ለቅሶ አልሄድኩም። ሰናይት ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት፤ ለዒድ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ በሌላው መንገድ ነው የማልፈው።